የመኪናዬ አእምሮና የእኔ ፍርድ

አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲሉ የተናገሩትን ቃል ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ቃሉ ሰውን ከተንኰለኛ የሚጠብቅ እውነተኛ ምክር መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ምክሩ እንደ ስለታም ቢላዋ ነው፤ በአዋቂ እጅ ሲሆን ሽንኩርት ይከትፋል፤ በችኩል እጅ ሲሆን ግን ጣት ይቈርጣል። እኔም በ2016 ዓ.ም. ክረምት በዚሁ ምክር ተመክቼ አንድ ንጹሕ ወጣት በአደባባይ «ሌባ» ብዬ ጠርቼ ነበርና፣ የሆነውን ነገር አንባቢ ያውቀው ዘንድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጽፈዋለሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከመኪና ሞተር ነው፤ የሚፈጸመው ግን ከሰው ፊት ነው።

እናቴ ኵላሊቶችዋ ሥራቸውን ከተዉ በዚያን ጊዜ ሁለት ዓመት አልፎአቸው ነበር። ይህ ደዌ የጸናበት ሰው ደሙን በመሣሪያ ለማሳጠብ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ሐኪም ቤት መመላለስ ግዴታው ነው፤ አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የእናቴ ተራ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ከጧቱ በአንድ ሰዓት ነበር። ቤታችን ከከተማው ዳር ስለ ሆነ ከሌሊቱ በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ካልተነሣን አንደርስም። እናቴን ደግፎ ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪናም ወደ አልጋ ማድረስ የእኔ ድርሻ ነበር፤ የተቀረውን ሁሉ የምትሠራው መኪናዬ ነበረች።

መኪናዬ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ቀለምዋ ደብዝዟል፤ የኋላ ወንበርዋም ተቀዷል፤ ሞተርዋ ግን አንድ ቀን እንኳ አሳፍራኝ አታውቅም ነበር። ስለዚህ በሐምሌ ወር በአንድ ሐሙስ ሌሊት ቍልፉን ባዞርሁት ጊዜ ምንም ድምፅ ሳትሰጠኝ ስትቀር፣ የታመመች እናቴ ድንገት ዝም ያለችኝን ያህል ደነገጥሁ። ጥፋቱ ግን የእርስዋ አልነበረም። ማታ የውስጡን መብራት ሳላጠፋ ገብቼ ኖሮ ባትሪው ኃይሉን ጨርሶ አድሮአል።

ዝናቡ ይወርዳል። እናቴ በጋቢ ተጠቅልላ ከበረንዳው ላይ ቆማለች። ጐረቤቴን ቀሰቀስሁት፤ እርሱም ደግ ሰው ነውና መኪናውን አምጥቶ ከእኔ መኪና ፊት ለፊት አቆመልኝ። «ቈይ፤ የእጅ ባትሪ ላምጣና እያየን እናገናኘው» አለኝ። እኔ ግን ሰዓቴን እየተመለከትሁ «ግድ የለም፤ አውቀዋለሁ» ብዬ ሁለቱን ሽቦዎች በጨለማ አገናኘሁ። ቀዩ ሽቦ ከአዎንታዊው ራስ ጋር፣ ጥቁሩም ከአሉታዊው ራስ ጋር መገናኘት እንዳለበት ልጅ እንኳ ያውቃል። የባትሪዬ ራሶች ግን በነጭ ዝገት ተሸፍነው ምልክቶቻቸው አይታዩም ነበርና ገልብጬ አገናኘኋቸው። ብልጭታ ታየ፤ ቀጥሎም ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ጭስና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ይህ ነው። እናቴን በኪራይ መኪና አደረስኋት፤ ነገር ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይተን ስለ ነበረ የዚያን ዕለት እጥበትዋ አጠረ። ማታ እግርዋ አብጦ ሳየው ራሴን ረገምሁት።

በማግሥቱ መኪናዬ ተጐትታ ከዱሮ ሜካኒኬ ዘንድ ደረሰች። እኒህ ሰው ዕድሜያቸው ሰባ የተጠጋ፣ ከአርባ ዓመት በላይ በሞተር ዘይት የታጠቡ እጆች ያሏቸው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» እያለ የሚያከብራቸው አዛውንት ናቸው። የአንድን ሞተር ድምፅ ከመንገድ ማዶ ሰምተው «የሦስተኛው ካንዴላ ደክሟል» ሲሉ ሰምቼ ተደንቄአለሁ። «ምን ሆነች?» ብለው ቢጠይቁኝ «እንዲያው በራስዋ ጊዜ እንቢ አለች» ብዬ መለስሁላቸው። ይህች ትንሽ ውሸት ከአፌ ስትወጣ ለምን እንደ ወጣች እኔም አላውቅም፤ በአዋቂ ፊት ሞኝ መስሎ መታየት አፍሬ ይሆናል።

ጋሼ ዋናው ፊውዝ ተቃጥሎ አገኙና በአዲስ ተኩት፤ ባትሪውንም ሞሉት። መብራቱ በራ፤ ሞተሪኖውም ዞረ፤ ሞተሩ ግን አልነሣ አለ። ቍልፍ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ መብራት የሚገባው የሞተር ምልክትም ጨልሞ ቀረ። ከዚህ በኋላ ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር የሚገባውን ኤሌክትሪክ ለኩ፤ 12 ቮልት ይደርሰዋል፤ የመመርመሪያው መሣሪያ ግን ቢጠራው አይመልስም። በመጨረሻ ሣጥኑን ፈትተው ክዳኑን ቢከፍቱት ከውስጥ አንድ ስፍራ ጠቍሮ አየን። «አእምሮው ሞቷል፤ ሌላ መፈለግ ነው» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ኮምፒውተር ሲባል በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ብቻ የሚመስለው ሰው እንደ እኔ ብዙ ይሆናል። የሞተር ኮምፒውተር ግን የሚታይ መስኮትም፣ የሚጫኑት ፊደልም የለውም፤ መጠኑ ከአንድ መካከለኛ መጽሐፍ የማይበልጥ፣ ብዙ ሽቦዎች የሚሰኩበት የብረት ሣጥን ነው። በዱሮው መኪና ቤንዚንንና አየርን የሚያዋሕደው ካርቡራተር ነበረ። ዛሬ ግን አንዱ ሴንሰር የሞተሩን አዙሪት፣ ሁለተኛው የገባውን አየር ልክ፣ ሦስተኛው የውሃውን ሙቀት፣ አራተኛው ከጭሱ ጋር የወጣውን ኦክስጅን እየለካ ለዚህ ሣጥን ይነግሩታል፤ እርሱም ይፈርዳል። ፍርዱም እጅግ ፈጣን ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 100 ጊዜ እሳት መጫር አለበት፤ ለእያንዳንዱም ጊዜ ኢንጀክተሩ ለስንት ሺኛ ሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቈይ የሚወስነው ይኸው ሣጥን ነው።

ለእኛ አገር ደግሞ ጥቅሙ ከሌላው ይበልጣል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ከጂቡቲ ወደብ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ያህል ስለሚወጣ፣ የሚተነፍሰው አየር በሩብ ገደማ ይሳሳበታል። ካርቡራተር ያለው መኪና በሰው እጅ ካልተስተካከለ በዚህ ከፍታ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቍር ጭስ ይተፋል፤ ኮምፒውተር ያለው ግን የአየሩን መሳሳት ራሱ ለክቶ የቤንዚኑን መጠን ይቀንሳል።

ይህም ጥበብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። የጀርመኑ ቦሽ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን የቤንዚን መርጫ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 በፎልክስዋገን 1600 ላይ አዋለ፤ በ1979 ደግሞ መርጫውንና እሳቱን ባንድነት የሚያዝዘውን ሞትሮኒክ የተባለውን ሥራ በቢ.ኤም.ደብልዩ መኪና ላይ አወጣ። አሜሪካም የከተሞችዋ አየር በጭስ ስለ ተበከለ በ1970 ጠንካራ የንጹሕ አየር ሕግ አወጣች፤ በዚሁ መንገድ ሄዳ ከ1996 ጀምሮ በአገርዋ የሚሸጡ አዳዲስ ቀላል መኪኖች ሁሉ አንድ ዐይነት፣ ባለ16 ቀዳዳ የመመርመሪያ መሰኪያ እንዲኖራቸው አስገደደች። ይህን መሰኪያ አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ በዚያው በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ በኋላ፣ ያለችውን መኪና ጠግኖ ማኖር ለእንደኔ ያለው ሰው ከምርጫ አልፎ ግዴታ ሆኖ ነበር። ስለዚህ የሞተውን ሣጥን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ሶማሌ ተራ ወረድሁ። ሶማሌ ተራ በአዲስ አበባ የመኪና ዕቃ የሚፈለግበት ስፍራ ነው፤ ከመሪ እስከ መብራት፣ ከበር እስከ ሞተር፣ የማይገኝ የለም። ከብዙ መደብር «የለም» ከተባልሁ በኋላ፣ ዕድሜው ከሃያ የማይበልጥ አንድ ሻጭ ወጣት ሣጥኑን ተቀብሎ በላዩ የተለጠፈውን ቍጥር አነበበ። «ጋሼ፤ 89661 የሚለው የመጀመሪያው ክፍል በአብዛኞቹ የቶዮታ ኮምፒውተሮች ላይ ያለ ነው፤ ቁም ነገሩ ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው። እርሱ ካልገጠመ ሣጥኑ ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነው፤ የማኑዋል ማርሽና የአውቶማቲክ እንኳ ይለያያል» አለኝ። ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ሲወጣና ሲወርድ ቈይቶ፣ ያገለገለ ነገር ግን ቍጥሩ ፊደል በፊደል የሚገጥም ሣጥን ይዞልኝ መጣ። ዋጋው የአንድ ወር ደመወዜን የተጠጋ ነበረ። ከፈልሁ።

ጋሼ አዲሱን ሣጥን በቦታው አሰሩት። ቍልፉ ሲከፈት ጨልሞ የነበረው የሞተር ምልክት በራ፤ ደስ አለን። ሞተሪኖው ዞረ፤ ሞተሩ ግን እንደ ገና አልነሣም። ካንዴላው እሳት ያጣ፣ ኢንጀክተሩም ቤንዚን የነፈገ ይመስላል። በዳሽቦርዱ ላይ ብቻ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ጋሼ እስኪመሽ ደከሙ፤ አልሆነም። ቅዳሜ እናቴን እንደ ገና በኪራይ መኪና ወሰድኋት። በመንገድ ላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ቃል በጆሮዬ ይደውል ጀመር፤ ሰኞ እስኪደርስም በልቤ ውስጥ ክስ፣ ምስክርና ፍርድ ተሟልተው አደሩ።

ሰኞ በአራት ሰዓት ከመደብሩ በር ቆምሁ። ወጣቱ ከሩቅ አይቶኝ ፈገግ አለ። «የሞተ ዕቃ ነው የሸጥህልኝ!» አልሁት። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለ ነበረ መንገደኛው ሁሉ ዘወር አለ። እርሱም በትሕትና «ጋሼ፤ ዕቃው ደኅና ነው። አስተዋውቃችሁታል ወይ?» አለኝ። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሣጥንን ከምን ጋር ነው የሚያስተዋውቁት? በእድሜዬና በችግሬ የሚያላግጥ መሰለኝ። «አንተ ሌባ! የድሀ ገንዘብ በልተህ ደግሞ ትቀልዳለህ?» አልሁት። ሰው ተሰበሰበ። ልጁ ፊቱ ዐመድ መስሎ «ጋሼ፣ ይስሙኝ» ሲል አስታውሳለሁ፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። የመደብሩ ባለቤት ከውስጥ ወጥቶ ነገሩን ሳያጣራ፣ ሁከቱ እንዲበርድለት ገንዘቤን ቈጥሮ መለሰልኝና «ዕቃውን ነገ አምጡልኝ» አለኝ። ወደ ልጁም ዞሮ «አንተ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለው። እኔ ድል እንዳደረገ ሰው ደረቴን ነፍቼ ተመለስሁ። «ሌቦች» ያልኋቸው ሰዎች ገንዘቡንም ዕቃውንም በእጄ ትተው አምነው እንደ ሸኙኝ ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

ወደ ጋራዡ ሄጄ «ጋሼ፤ ይፈቱልኝ፤ ልመልሰው ነው» አልኋቸው። የሆነውንም ሁሉ በኩራት ተረክሁላቸው። «አስተዋውቃችሁታል ወይ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ግን መፍቻውን ከመሬት አኑረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «አስተዋውቃችሁታል አለ?» አሉ። «አዎ፤ ሲያላግጥብኝ!» ብላቸው «ልጄ፤ እኔ የማላውቀው ቃል ነው። የማላውቀው ቃል ሁሉ ግን ስድብ አይደለም» አሉኝ። ወዲያውም ዱሮ በዚሁ ጋራዥ ሥራ የተማረች፣ በኋላ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የመኪና ኤሌክትሪክ ያጠናች ወጣት ዘንድ ደወሉ። አዛውንቱ ለተማሪያቸው «እመቤቴ፤ አንድ ነገር ጠፍቶኝ ነው» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ኀፍረት አልነበረም። እኔ በእርሳቸው ፊት ውሸት የተናገርሁት ኀፍረትን ስለ ሸሸሁ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ወጣትዋ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፕዋን ይዛ መጣች። ከመሪው ሥር ያለውን ባለ16 ቀዳዳ መሰኪያ ፈልጋ መሣሪያዋን ሰካች። ጥቂት አንብባም «ኮምፒውተሩ ሕያው ነው፤ ጥያቄ ሁሉ ይመልሳል» አለች። ልቤ ድንግጥ አለ። «ታዲያ ለምን አይነሣም?» ብላት፣ ብልጭ ድርግም የምትለውን ቀይ መብራት አሳየችኝ። «አያውቀንማ፤ እንግዳ ነው» አለችኝ።

አስረድታኝ የተረዳሁትን እኔም በአጭሩ ላስረዳ። እንግሊዛዊው ቤንትሌ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ይዞት የመጣው፣ በአገራችን የመጀመሪያው የሆነው መኪና፣ የሚያስነሣውን ሰው ማንነት አይጠይቅም ነበር። የመኪና ሌባ ሲበዛ ግን ኢሞቢላይዘር የሚባል በረኛ ተሠራ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ አቈጣጠራቸው ከ1998 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ግዴታ ሆነ። በቍልፉ ራስ ውስጥ ባትሪ የሌላት ትንሽ ቺፕ ተቀብራለች። ቍልፉ ሲገባ በማስገቢያው ዙሪያ ያለው የሽቦ ጥቅል በአየር ላይ ኃይል ይሰጣታል፤ እርስዋም የምስጢር ቃልዋን ትናገራለች። በእኔ መኪና ያንን ቃል የሚሰማው በረኛ ራሱን የቻለ ሌላ ሣጥን ነው። በረኛው ቍልፉን ካወቀ በኋላ ለሞተሩ ኮምፒውተር በሁለቱ መካከል ብቻ በሚታወቅ ቃል «ይህ የቤት ሰው ነው፤ አስነሣለት» ይለዋል። አዲሱ ሣጥን ግን ከሌላ ቤት የመጣ ስለ ሆነ የሚያውቀው የዱሮ ቤቱን በረኛ ቃል ነው። የእኔ በረኛ ቢናገረው አይገባውም፤ ስላልገባውም ቤንዚንና እሳት ይከለክላል። ጥፋት የለበትም፤ ሥራውን መሥራቱ ነው። «ስለዚህ ሁለቱን ማስተዋወቅ ያስፈልጋል» አለች ወጣትዋ። ያንን ቃል ከእርስዋም አፍ ስሰማው አንገቴን ደፋሁ።

ሥራው ለዐይን እጅግ ቀላል ነበር። የባትሪው ኃይል እንዳይወርድ ሌላ ባትሪ በጐን አገናኘች፤ የሽቦዎቹንም ቀለም ሁለት ጊዜ አይታ ነበር ያገናኘችው። ከዚያም ከመሰኪያው 16 ቀዳዳዎች መካከል 4ኛውንና 13ኛውን በአንዲት አጭር ሽቦ አያያዘች፤ ሞተሩን ሳታስነሣ ቍልፉን ከፈተች፤ በሩንም ዘግታ ወጣች። «አሁን 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ሁለቱ ቃል ይለዋወጣሉ» አለችን።

ሦስታችን ከጣራው ሥር ተቀምጠን ሻይ አስመጣን። ወጣትዋ ሁሉም መኪና እንደዚህ ቀላል እንዳልሆነ አጫወተችን። በአንዳንዱ መኪና የቍልፉ ምስጢር የሚቀመጠው በዚያው በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ስምንት እግር ባላት አንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ ነው፤ ባለሙያ የዚያችን ቺፕ ጽሕፈት ከሞተው ሣጥን አንብቦ በአዲሱ ላይ ይገለብጠዋል፤ ስለዚህ የተቃጠለ ኮምፒውተር ሰው ዝም ብሎ መጣል የለበትም። በሌላው ደግሞ የሞተሩ መሥሪያ ፕሮግራም በሙሉ በላፕቶፕ እንደ አዲስ ይጻፋል። በዚህ ጽሕፈት መካከል ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ሣጥኑ ግማሹን አውቆ ግማሹን ረስቶ ሊበላሽ ይችላል፤ ባትሪ በጐን ማኖር የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው። በረኛውን ከነጭራሹ አጥፍተው መኪናዋን ለማንኛውም ቍልፍ የሚያስገዙ ሰዎችም አሉ፤ እርስዋ ግን «ቤት ለመግባት በር መስበር ነው» ብላ እንደማትሠራው ነገረችን። ጋሼ እንደ ተማሪ አንዳንድ ጥያቄ ይጠይቁዋት፣ መልስዋንም በአንዲት አሮጌ ደብተር ይጽፉ ነበር።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞር ብላ «ጋሼ፤ የዱሮው ኮምፒውተር እንዲያው አልሞተም። ባትሪ ተገልብጦ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሌሊቱን፣ ዝናቡን፣ ጐረቤቴ ያለኝንና እኔ የመለስሁለትን ሁሉ ተናዘዝሁ። ጋሼ ሻያቸውን አስቀምጠው «የተቃጠለውን ፊውዝ ያወጣሁ ዕለት አውቄዋለሁ። አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኒያ ሠላሳ ደቂቃዎች በሕይወቴ ካሳለፍኋቸው ረጃጅም ጊዜያት መካከል ይቈጠራሉ። ሁለቱ ሣጥኖች በጸጥታ ቃል ሲለዋወጡ፣ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ክስ ስሰበስብ ለአንድ ሰው ሠላሳ ሰከንድ ጆሮ አለመስጠቴን አሰላስል ነበር።

ጊዜው ሲደርስ ወጣትዋ ቍልፉን ዘጋች፤ ሽቦዋን ነቀለች፤ «ያስነሡት» አለችኝ። ቍልፉን አዞርሁት። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ቀይዋም መብራት ጠፋች። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እርስዋ ግን «አዲሱ ኮምፒውተር የሞተሩን ጠባይ ገና አልለመደም፤ ቀስ እያለ ይማረዋል» አለችኝ። እንዳለችውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ጸጥ አለ። ማክሰኞ እናቴ በሰዓትዋ ከአልጋዋ ደረሰች።

በመንገድ ላይ ታሪኩን ነገርኋት። እየሳቀች ትሰማኝ ነበር፤ ስለ ልጁ ከሥራ መባረር ስነግራት ግን ሳቅዋ ቆመ። ለጥቂት ጊዜ በመስኮት ውጪውን ስትመለከት ቈይታ፣ «ልጄ፤ የእኔን ደም በሳምንት ሦስት ቀን ታሳጥባለህ። የዚያን ልጅ ስም በምን ታጥበዋለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እጥበቱ እስኪፈጸም አራት ሰዓት ነበረኝ። በቀጥታ ወደ ሶማሌ ተራ ሄድሁ። ለባለቤቱ ገንዘቡን መልሼ የሆነውን ነገርሁት። እርሱም «ልጁ ትናንትና ሄዷል» ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ከጐረቤት ሻጮች ጠይቄ፣ መርካቶ ውስጥ ከጭነት መኪና ላይ ጆንያ ሲያወርድ አገኘሁት። ባየኝ ጊዜ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ያች እርምጃ እስከ ዛሬ ትታየኛለች። «ይቅርታ አድርግልኝ፤ ዕቃው ደኅና ነበር፤ አላስተዋወቅነውም ነበር» አልሁት። እርሱ ግን አልተቈጣኝም። «ጋሼ፤ ስለ ሥራው አይደለም፤ ሥራ ይገኛል። እናቴ ከሰው ሰምታ “እውነት ሰረቅህ ወይ?” ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት ጠይቃኝ አታውቅም ነበር» አለኝ።

በዚያው ዕለት ሦስት ነገር አደረግሁ። መጀመሪያ ባለቤቱን ለምኜ ልጁ ወደ ሥራው እንዲመለስ አደረግሁ፤ እርሱም ሳያጣራ መቈጣቱን አምኖ እሺ አለኝ። ሁለተኛ፣ ከእናቱ ቤት ሄጄ ልጅዋ ንጹሕ መሆኑን በአፌ ነገርኋት። ሦስተኛ፣ በማግሥቱ በአራት ሰዓት፣ ልክ በዚያው ስፍራ ቆሜ፣ በዚያው ድምፅ «ይህ ልጅ አልሰረቀኝም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብዬ ተናገርሁ። ሰው ተሰበሰበ፤ ነገር ግን «ሌባ» ስል የተሰበሰበውን ሰው ግማሽ እንኳ አይሆንም ነበር። ስድብ ብዙ ሰው ይጠራል፤ ይቅርታ ግን ጥቂቱን ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ አንባቢ ለመኪናው የሚጠቅመውን መውሰድ ይችላል። ባትሪ ሲያገናኝ ብርሃን ይያዝ፤ ኮምፒውተር ሲገዛ ቍጥሩን ፊደል በፊደል ያስተያይ፤ የተቃጠለውን አይጣል፤ አዲሱ ካላስነሣም «ሞቷል» ከማለቱ በፊት ከበረኛው ጋር የሚያስተዋውቅለት ባለሙያ ይፈልግ። ከዚህ የሚበልጠውን ትምህርት ግን እኔ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉን አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለውም ነበር፤ እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን ጥዬው ኖሬአለሁ።

አሁን በሶማሌ ተራ በኩል ባለፍሁ ቍጥር፣ የምገዛው ዕቃ ባይኖረኝም፣ መኪናዬን ከዚያ መደብር በር አቆማለሁ። ከሩቅም ሳለሁ ልጁን በስሙ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ሰላም እለዋለሁ። እርሱም ፈገግ ብሎ «ጋሼ፤ ተዋውቀዋል?» ይለኛል። «ተዋውቀናል» እለዋለሁ።